ሞሊሞክ እና ያልታየው የጋቦ መብራት

ማዕበሉን መጀመሪያ ያየው ብሉ ነው። ጸጉሩ እንደ ሸክላ የቀላ ጎረምሳ ስለሆነ "ሰማያዊ" እንደማለት ብሉ ይሉታል፤ የሲድኒ ወደብ ሰው ሲቀልድ እንዲህ ነው። የጀልባዋን መሪ በሁለት እጁ እንደጨበጠ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዘዝ አደረገ፤ ከዚያ ማንንም ሳይጠራ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኖላ ሬንፍሪ በታችኛው ክፍል ደረጃ ላይ ቆማ የሻይ ጣሳ ልታቀብለው እጇን ዘርግታ ነበር። ያየችው ማዕበሉን ሳይሆን የእሱን ፊት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፊት አይታ አታውቅም፤ ጣሳውን ጥላ የደረጃውን እንጨት አቀፈች።

ላይና ታች የሚባል ነገር ጠፋ። ጀልባዋ ሞሊሞክ በጎኗ ተኛች፤ ተኝታም አልቀረች፣ ተገለበጠች። ድስቱ፣ ቆርቆሮው፣ ካርታው፣ እርጥብ ካልሲው ሁሉ ተንዶ ጣራው ላይ ተከመረ። ጨለማው ውስጥ ውሃ በኖላ አፍና አፍንጫ ገባ። ከላይ አንድ ትልቅ ነገር ሲሰበር በጆሮዋ ሳይሆን በጥርሷ ተሰማት። ሞትኩ ብላ አላሰበችም፤ ያሰበችው አባቷን ነው። ሲላስ ሬንፍሪ ወደ ፊት ባለው ጠባብ አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር።

ጀልባዋ እያቃሰተች ቀና ስትል የንጋቱ ብርሃን በተሰበረው መስኮት ተመልሶ ገባ። ውሃው ጉልበት ይደርሳል። ኖላ አንገቷን ወደ ላይ ብታወጣ የሸራው ምሰሶ የለም። ከወገቡ ተቆርጦ ባሕር ላይ ተጋድሟል፤ የወጠሩት ሽቦዎች ግን ስላልለቀቁት እያንዳንዱ ማዕበል እያነሳ ከጀልባዋ ጎን ጋር ያላትመዋል። ብሉ ወገቡን ባሰረበት ገመድ ተንጠልጥሎ ከኋላ ይጎተታል። ኮማንደር ስታንዌል፣ የጀልባዋ ባለቤትና አዛዥ፣ ግንባሩ እየደማ ሽቦዎቹን ለመቁረጥ በደረቱ እየተሳበ ወደ ፊት ሄደ። አብረዋቸው የሚቀዝፉት ሁለት ወጣት የሲድኒ ልጆች ደግሞ ብሉን በቀበቶው ጎትተው አወጡት።

"ይቺ እንጨት ሁለቴ ልትገድለኝ ሞከረች" አለ ብሉ ጨው ውሃ እየተፋ። "አንዴ ስትሰበር፣ አንዴ ከተሰበረች በኋላ።"

ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም የፓምፑን እጀታ ይዞ መግፋት ጀመረ።

ኖላ በውሃው ውስጥ በአራት እግሯ ሄዳ አባቷን አገኘችው። ከአልጋው ተወርውሮ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጎትታ አልጋው ላይ ስትመልሰው ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ የእሱ አይመስልም ነበር።

"ዳሌዬ ነው። እሱን ተይውና ዝም ብለሽ አዳምጪ።"

መዳፉን ከጎኑ ባለው፣ ሳንቃውን ከውስጥ በሚይዘው የጀልባዋ አጥንት ላይ አሳርፏል፤ ሰው የታመመ ፈረስ ሲዳስስ እንደሚያደርገው። ማዕበል ሲመታ ከእንጨቱ ውስጥ ጭራሮ ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ወጣ። ሲላስ ዓይኑን ጨፈነ። የጀልባዋ ሁለት አጥንቶች ተሰብረዋል አላት፤ ሦስተኛው ከተከተለ ሳንቃው ይከፈታል፤ ከዚያ ፓምፕ ምንም አይጠቅምም። ይህን ሁሉ የነገራት በሹክሹክታ ነበር። ኖላ አባቷ ስለ ጀልባ በሹክሹክታ ሲናገር ሰምታ አታውቅም፤ ስለ ጀልባ ሲያወራ በጩኸቱ ጎረቤት የሚያስቀይም ሰው ነው። መፍራት የጀመረችው ያኔ ነው።

ሲላስ በታዝማኒያ፣ ሲግኔት በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን የሽቅድምድም ጀልባውን በሚስቱ ስም ሄስተር አላት፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ለመዞር የምትለግም፣ ግን ምንም የማይሰብራት ነበረች። ሚስቱ "ስሜን የሰጠሃት መልኳን አይተህ ነው" እያለች ሰው ፊት ታሳፍረው ነበር። ልጁ ቨርን ሲያድግ ሄስተርን ተረከበ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ፍጥነት ወደደ፤ ሲላስንም በስተርጅና ቀላል ጀልባ የመሥራት ምኞት ያዘው። በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ሱፍ ነጋዴ ስታንዌል ከሲድኒ መጥቶ "ሁሉንም የምትቀድም ሥራልኝ" ሲለው፣ ንድፉ በሲላስ ጭንቅላት ውስጥ ካለቀ ቆይቶ ነበር። የጎን አጥንቶቿን አቀጠናቸው። ሳንቃዋን በሁለት ስስ ንብርብር በሙጫ አጣበቀው። ሚዛኗን እንዲጠብቅ ከሆዷ ሥር የሚንጠለጠለውን የእርሳስ ብረት አጥብቦ ወደ ታች አወረደው። ሞሊሞክ የተባለችውም በማዕበል ላይ ክንፉን ሳያራግብ በሚውለው ትልቅ የባሕር ወፍ ስም ነው።

ቨርን ንድፉን አይቶ "አባባ፣ ይቺ የእንቁላል ቅርፊት ናት" አለ። ሲላስ ለስንት ጊዜ አኮረፈው። በመጀመሪያው ዓመት ከሲድኒ እስከ ሆባርት በሚደረገው ሽቅድምድም ሞሊሞክ ሁሉንም ቀድማ ስትገባ ሲላስ ለልጁ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ባርኔጣውን ብቻ አንስቶ ሰላም አለው፤ ቨርንም ከተሰደበ በላይ በዚህ ተቆጣ። በሁለተኛው ዓመት ግን ሄስተር አሸነፈች። ያሸነፈችውም በጥሪው ነው።

ጥሪው በየቀኑ ማለዳና ማታ የሚደረግ ነው። ጀልባዎቹን አጅባ የምትሄደው የሬዲዮ መርከብ እያንዳንዷን በስሟ ትጠራለች፤ የተጠራችው ያለችበትን ቦታ ትናገራለች። የተናገረችውን ሁሉም ይሰማል። ተወዳዳሪው ይሰማል፤ በባሕሩ ዳር ያለች አጭር ሞገድ የምትይዝ ሬዲዮ ያላት ባልቴት ሁሉ ትሰማለች፤ የኖላ እናት በሲግኔት ወጥ ቤቷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀምጣ ትሰማለች። ቨርንም አምና ሞሊሞክ ነፋስ ያገኘችበትን ቦታ በጥሪው ሰምቶ ተከተላት፤ ለዝግተኛ ጀልባ በሚታሰበው የሰዓት ቅናሽ ዋንጫውን ወሰደ። የሽቅድምድም ሰው ሁሉ በጥሪው ላይ ጥቂት ይዋሻል፤ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ፤ እንደ ኃጢአትም አይቆጠርም። ቨርን ግን አባቱን ለመቅደም ሲል እንኳ መዋሸት ያልለመደ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ያለበትን ይናገር ነበር።

ዘንድሮ ኮማንደሩ "ያለንበትን አይሰሙም" አለ። ትናንት ማታ ሞሊሞክ ከየብስ ርቃ በምሥራቅ በኩል ወደ ደቡብ የሚሮጠውን ሞቃት የባሕር ፍሰት አግኝታ ነበር፤ እጅ ሲነክሩበት ለብ ያለ፣ ጀልባን ያለ ሸራ የሚወስድ ውሃ። ስሟ በሬዲዮ ሲጠራ ኮማንደሩ ሬዲዮውን ለምትይዘው ኖላ የሐሰት ቦታ ነገራት፤ ከስልሳ ማይል በላይ በምዕራብ፣ መርከቦችን የሚመራ የመብራት ማማ ካለበት ከጋቦ ደሴት አጠገብ። ኖላም ተናገረች። ተናግራም አልበቃት፣ ከየት እንደመጣ የማታውቀው ጥጋብ ይዟት፣ "የጋቦን መብራት ጥርት አድርገን እያየን ነው" ብላ ጨመረችበት። ብሉ አፉን በባርኔጣው አፈነ። ሲላስ ከአልጋው ላይ እስኪያስለው ድረስ ሳቀና "ቨርን ይህን ሰምቶ ዛሬ ማታ የብስ የብሱን ሲጠብቅልን ያድራል" አለ። ሌሊት ከደቡብ ኃይለኛ ነፋስ መጣ። እየዞረም የደቡብ ምሥራቅ ሆነ።

አሁን ይህ ሁሉ ለኖላ በአንድ ጊዜ ታያት። የሬዲዮው አንቴና ከምሰሶው ጋር ባሕር ገብቷል። የማለዳው ጥሪ ሲደርስ ሬዲዮው ጭጭ ብሎ ነበር፤ ሞሊሞክ እንዳልመለሰች ሰዎቹ ያውቃሉ፤ ይፈልጓታል። የሚፈልጓት ግን እሷ መብራት አየሁ ባለችበት ቦታ ነው። እዚህ፣ ይህ ግራጫ ተራራ ሁሉ እየተነሳ በሚወድቅበት ባሕር ላይ፣ የሚፈልጋቸው ማንም የለም። ይህን ለኮማንደሩ ልትነግረው ሄዳ ፊቱን ስታየው ተወችው፤ እሱም እያሰበው ነበር።

ፓምፑን እየተፈራረቁ ገፉ። ውሃው ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርድና አንድ ማዕበል ሲመታ ተመልሶ ይሞላል። ሲላስ መዳፉን ከአጥንቱ ላይ አላነሳም። ብሉ ሸራ የሚወጠርበትን ረጅም እንጨት ከምሰሶው ጉማጅ ጋር በገመድ አስሮ፣ ጫፉ ላይ እንደ አንቴና ሽቦ ጠምጥሞ ሊያቆመው ሦስቴ ሞከረ፤ ሦስቴም ነፋሱ ጣለበት። ኖላ ከሁለቱ ባትሪዎች ያልረጠበውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ቀትር አልፎ እንጨቱ ለጊዜው ሲቆም ሽቦውን አገናኘች፤ በሬዲዮው መስታወት ውስጥ ያለችው መርፌ ነቃች። በጩኸቱ መካከል የሬዲዮ መርከቧ ተናጋሪ የሚስተር ኦክሌይ ድምፅ መጣ። ሁልጊዜ እንደ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ረጋ ያለ ነው፤ ዛሬም ረጋ ያለ ነበር፤ ኖላ ግን እንባዋ መጣ።

ኦክሌይ ሄስተርን እየጠራ ነበር። የመለሰው ቨርን ነው።

"ከጋቦ ወደ ምዕራብ ነን። ዳርቻውን ተጠግተን እየፈለግናቸው ነው። ምሰሶ ተሰብሮባቸው ከሆነ ይሄ ነፋስ ጥልቀት ወደሌለው የዳርቻው አሸዋ ነው የሚነዳቸው። እስካሁን ምንም አላየንም፤ ትንሽ ደግሞ እንገባለን።"

ኦክሌይ ከዚያ በላይ መግባት አደጋ እንዳለው፣ በዚያ ነፋስ ከዚያ ዳርቻ የወጣ ጀልባ እንደሌለ ነገረው።

"አውቃለሁ ሚስተር ኦክሌይ። አባቴና እህቴ ናቸው።"

ኖላ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭና ሄስተርን ጠራች። ደግማ ጠራች። ቨርን ለኦክሌይ ስለ ማዕበሉ መንገሩን ቀጠለ፤ አልሰማትም። አቅሟን ሁሉ አውጥታ ጮኸች፤ የወንድሟ ድምፅ እዚሁ ጆሮዋ ሥር ሆኖ እሷን አይሰማም። ፍርሃቷ መልኩን የለወጠው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን የፈራችው ውሃውን፣ የአባቷን ዳሌ፣ ያንን የጭራሮ ድምፅ ነበር። አሁን ግን የምትፈራው ቨርንን በገዛ አንደበቷ ወደዚያ አሸዋ መስደዷን ነው። ወንድሟ ጎበዝ ባሕረኛ ነው፤ የሌሉበትን ሰዎች እስኪያገኝ ድረስ ይገባል፤ የሌሉ ሰዎች ደግሞ አይገኙም።

"ብሉ! እንጨቱን ከፍ አድርገው!"

"እኔው ላይ ካልቆመ በቀር ሌላ ከፍታ የለንም" አለ ብሉ፤ እንዳለውም አደረገው። የምሰሶውን ጉማጅ በእግሩ ቆንጥጦ እንጨቱን በትከሻው ደግፎ ቆመ፤ ሁለቱ የሲድኒ ልጆች እግሩን አቅፈው ያዙት። ኦክሌይ በድንገት ንግግሩን አቋረጠ። ደካማ ድምፅ እሰማለሁ፣ ማን ነው፣ አለ።

ኮማንደሩ ከኖላ ጎን ተንበርክኮ ነበር። ልትናገር ስትል እጇን ያዘ፤ እጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

"አሁን ያለንበትን ብቻ ንገሪያቸው። ስለ ትናንቱ ምንም አትበይ፣ ኖላ። አይጠቅምም።"

ክፉ ሰው አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ መርከብ ሰጥሞበት የማያውቃቸውን ሰዎች በጀርባው ደግፎ ሲዋኝ ያደረ ሰው ነው ይባላል። የጀልባ ክለቡ፣ ማዕረጉ፣ ስሙ ግን የቀሩት ነገሮች ነበሩ፤ እነሱን ማጣት ከባሕሩ እኩል ያስፈራው ነበር። ኖላም እሺ አለች፤ እሷም ሰው ሁሉ እየሰማ መዋሸቷን ከመናገር ብትድን ደስ ይላት ነበር። ሞሊሞክ ነን፣ ምሰሶ የለንም፣ ውሃ እየገባብን ነው፣ አንድ ሰው ክፉኛ ተጎድቷል አለችና ኮማንደሩ የገመተውን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ተናገረች።

 ኦክሌይ ሲመልስ በርኅራኄ ነበር የሚናገረው፤ ለደነገጠ ልጅ እንደሚናገሩት።

"ሞሊሞክ፣ በሕይወት በመኖራችሁ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ቦታው ተሳስቶባችኋል። ነፋሱ ወደ ምዕራብ እየነዳ እናንተ ወደ ምሥራቅ ልትሄዱ አትችሉም። ካርታችሁን ደግማችሁ እዩት። ሄስተር፣ ሞሊሞክ ተሰምታለች፤ ተንሳፋ ነው ያለችው፤ ባለሽበት ፍለጋሽን ቀጥዪ።"

"ሰምቻለሁ" አለ ቨርን። በድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። "ተንሳፋ ካለች እናገኛታለን። እየገባን ነው።"

 እውነቱን ተናግራ አላመኗትም፤ ያመኑት ውሸቷን ነው። በእሱ ላይ ደግሞ የእሷ ድምፅ መሰማቱ ወንድሟን አበረታው። ኮማንደሩ ላብና ደም የተቀላቀለበትን ፊቱን ጠረገና "የኔ ስሌት ስህተት ነበር በያቸው፤ የትናንቱ ቦታ የተሳሳተው በኔ ነው በያቸው" አለ። ለእሱ ይህን ማለት ቀላል እንዳልነበረ ኖላ ታውቃለች። እንደነገራት ተናገረች።

"ስሌት ሊሳሳት ይችላል" አለ ኦክሌይ። "ግን ሞሊሞክ፣ ትናንት ማታ የጋቦን መብራት በዓይናችሁ እያያችሁ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የሰማሁት። መብራት አይሳሳትም።"

የመርፌዋ ብርሃን መደብዘዝ ጀምሯል፤ ባትሪው እየሞተ ነው። ከላይ ብሉ እንጨቱን ይዞ መቆየት እንደማይችል ጮኸ። ከአባቷ አልጋ በኩል ያ የጭራሮ ድምፅ ደግሞ መጣ፤ ሲላስ ግን የቱ እንደተሰበረ አልተናገረም። ሴት ልጁን እያያት ነበር። ኖላ ኮማንደሩን አየችው፤ ኮማንደሩ ዓይኑን ወደ ወለሉ አወረደ። በይም፣ አትበይም አላላትም። ከዚያ እናቷ ታየቻት፤ በሲግኔት ወጥ ቤት፣ ሁለት ልጆቿና ባሏ ባሕር ላይ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከዚያ ሬዲዮ አጠገብ ሳትነሳ። ይህን እሷም ትሰማዋለች። ኖላ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

"ሚስተር ኦክሌይ፣ መብራት አላየንም። ውሸት ነው። የትናንቱ ቦታም ውሸት ነው። ሄስተር እንዳትከተለን ብለን ነው የዋሸነው። መብራቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። አሁን ያልኩት እውነቱ ነው፤ ምሥራቅ ነን፤ ሞቃቱ ውሃ ላይ። ቨርን፣ እዚያ የለንም። ከዚያ ውጣ። እባክህ ውጣ።"

ቁልፉን ለቀቀች።  በባሕሩ ላይ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ፣ በየዳርቻው ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷታል። ከዚያ ኦክሌይ፣ ያ ርኅራኄው ከድምፁ ጠፍቶ፣ ሄስተርን ጠራ። ቦታዋን ትታ ወዲያው ወደ ክፍት ባሕር እንድትወጣ ነገራት፤ የአየር ኃይል አውሮፕላንም ወደ ምሥራቅ እንዲላክ እጠይቃለሁ አለ።

ሄስተር አልመለሰችም።

ደግሞ ጠራት። ኖላ እጇን አፏ ውስጥ ከትታ ትነክሳለች። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራት። ፓምፑ ቆሟል፤ የሲድኒ ልጆች ማንም ሳያዝዛቸው መግፋቱን ትተው በደረጃው አንገታቸውን አስግገዋል፤ ውሃው እየሞላ ማንም ልብ አላለም። ሲላስ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ መስሏት ነበር፤ ጠጋ ስትል ግን የሚቆጥረው የሄስተርን አጥንቶች ነው። ከፊት ጀምሮ እያንዳንዱን በየትኛው ክረምት እንደጠረበው፣ ከየትኛው ግንድ እንዳወጣው እየጠራ ነበር።

ድምፁ ሲመጣ በጩኸት የተሞላ ነበር፤ ሰዎች ከኋላ ሲጯጯሁ፣ ሸራ ሲቀደድ ይሰማል።

"ሄስተር ነኝ" አለ ቨርን እያለከለከ። "ስንዞር አሸዋውን መታን። ሁለት ጊዜ መታን። መሪያችን ተጎድቷል፤ አካሏ ግን ይዟል። አሁን ውሃው ጠልቆልናል። እየወጣን ነው።"

ኖላ ውሃው ውስጥ ተቀመጠች። ብሉ ከላይ ምን እንደተባለ ጠየቀ፤ አንደኛው ልጅ ነገረው፤ ብሉም አንድ ለሴት የማይነገር ቃል ተናግሮ አለቀሰ። ሲላስ አንድ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ያ ከባድ፣ ያ አስቀያሚ፣ በወጣትነቱ ጉልበት የሠራው እንጨት አሸዋ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ ልጁን ይዞ ተነስቷል፤ ይቺ የተኛባት ግን በመዳፉ ሥር እየተፈታች ነው። ይህን ከፊቱ ማንበብ ለኖላ ከባድ አልነበረም።

"ኖላ" አለ ቨርን። ድምፁ አሁን ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ እንደሚሰማ ያወቀ፣ ግን ግድ ያልሰጠው ሰው ድምፅ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አባባ ያውቅ ነበር?"

በዚያች ቅጽበት ስንት ነገር ልትል ትችል ነበር። ተኝቶ ነበር ማለት ትችላለች፤ አመሻሹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ እናቷም ታምናት ነበር። ባትሪው አለቀ ብሎ ዝም ማለትም አለ። ወደ አባቷ ዞረች። ሽማግሌው እንደ ሌላ ጊዜው አልተቆጣም፣ አላዘዘም። እንደ ፈራ ሰው ነው የሚያያት። ጺሙ በጨው ነጥቷል።

"ንገሪው" አለ።

"ያውቅ ነበር" አለች ኖላ በሬዲዮው። "መብራቱን ስናገር ሳቀ።"

መርፌዋ ልትጠፋ እየተብለጨለጨች ነው።  ቨርን ሲናገር ለእሷ አልነበረም። የሬዲዮ መርከቧን ጠርቶ፣ ሄስተር ሽቅድምድሙን ትታለች፣ መሪያችንን በገመድ ጠግነን ወደ ሞሊሞክ እየሄድን ነው፣ ነፋሱ ከፊታችን ስለሆነ ከነገ ማለዳ በፊት አንደርስም አለ። የኖላን ስም ደግሞ አልጠራም። አባባም አላለም። መርፌዋ ጠፋች።

ኮማንደሩ ተነስቶ የፓምፑን እጀታ ያዘ። ብሉ ከላይ ወርዶ የደማውን ትከሻውን እያሻሸ በስተግራ ያለውን የተሰነጠቀ ሳንቃ በፍራሽ ሊደፍን ሄደ። ጀልባዋ እስከ ነገ ማለዳ ትቆይ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ለመጠየቅ ሁሉም ፈርተዋል።

ኖላ ሄዳ ከአባቷ ራስ አጠገብ ተንበረከከች። ከንጋት ጀምሮ ማንም አይመጣም ብላ ስትፈራ ነበር የዋለችው። አሁን ቨርን እየመጣ ነው፤ ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። በዚያ ነፋስ ላይ፣ በተሰበረ መሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እነሱ የሚመጣውን ወንድሟን ፊት ስታስበው ከማዕበሉ እኩል ፈራችው።

"ልጄ" አለ ሲላስ፤ መዳፉን ከአጥንቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንስቶ እጇን ያዘ። "በውሃ መያዣው ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ተርፏል?"

"ትንሽ አለ። ጠማህ?"

"አልጠማኝም። ቨርን ሳይመጣ ፊቴን አጥቢኝ፤ ፊት ለፊት ላየው እፈልጋለሁ።"